ስብ በሴል ውስጥ እንዴት ይቃጠላል? ከሐዋሳ ተማሪዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ሐዋሳ ላይ ለባዮኬሚስትሪ ፈተና እየተዘጋጁ ያሉ ተማሪዎች ካነሷቸው ጥያቄዎች የተመረጡ ናቸው።

ጥ፦ መምህር፣ ከአንድ ፓልሚቲክ አሲድ (የስብ አሲድ ነው) የሚገኘውን ኤቲፒ፣ ማለትም የሴሉን የጉልበት ምንዛሪ፣ አንዱ መጽሐፍ 129፣ ሌላው 106 ይላል። የቱን እንጻፍ?

መ፦ 106 ጻፉ። ኬሚስትሪው ያው ነው፤ የተለወጠው ምንዛሪው ነው። ድሮ ሃይድሮጅን ከሚሸከሙት ለኤንኤዲኤች 3፣ ለኤፍኤዲኤች2 ደግሞ 2 ኤቲፒ ይታሰብ ነበር፤ አሁን 2.5 እና 1.5 ነው። ፓልሚቲክ 16 ካርቦን ስላለው 7 ጊዜ ተቆርጦ 8 አሴቲል ኮኤ (ባለ ሁለት ካርቦን ቁራጭ) ይወጣዋል። እነሱ በክሬብስ ዑደት (አሴቲል ኮኤ በሚቃጠልበት ዑደት) አልፈው 80 ኤቲፒ ይሰጣሉ፤ ከ7ቱ ቆረጣዎች የሚገኙት 7 ኤንኤዲኤች 17.5፣ 7 ኤፍኤዲኤች2 10.5። ድምሩ 108፣ አሲዱን ለማዘጋጃ (ከኮኤ ጋር ለማያያዝ) 2 ሲቀነስ 106። ነጥብ የሚጣለው ዙሩን 8 በማድረግ ነው። የመጨረሻው ቆረጣ ሁለት አሴቲል ኮኤ በአንዴ ስለሚሰጥ 7 ይበቃል።

ጥ፦ የሚወጣው አንድ ኤቲፒ ሆኖ ሳለ ለምን 2 ይቀነሳል?

መ፦ ኤቲፒው አንድ ፎስፌት አጥቶ ኤዲፒ ላይ አይቆምም፤ ሁለት አጥቶ እስከ ኤኤምፒ ይወርዳል፤ ስለዚህ እንደ ሁለት ይቆጠራል።

ጥ፦ የእያንዳንዱ ቆረጣ ዙር አራቱ ደረጃዎችስ?

መ፦ ኤፍኤዲ ሃይድሮጅን ይወስዳል፣ ውሃ ይገባል፣ ኤንኤዲ ሃይድሮጅን ይወስዳል፣ ኮኤ ገብቶ ሁለት ካርቦን ይቆርጣል።

ጥ፦ የስብ አሲድን ወደ ማይቶኮንድሪያ የሚያሻግረው ካርኒቲን ባይኖር ምን ይቀራል?

መ፦ ረጅም ሰንሰለት ያለው አሲል ኮኤ (ከኮኤ ጋር የተያያዘ የስብ አሲድ) የማይቶኮንድሪያን የውስጥ ሽፋን አያልፍም። ሲፒቲ 1 የተባለው ኢንዛይም ኮኤውን አስለቅቆ ከካርኒቲን ጋር ያያይዘዋል፣ አጓጓዡ ያሻግረዋል፣ ሲፒቲ 2 ውስጥ ኮኤውን ይመልስለታል። ቁጥጥሩ ያለው ሲፒቲ 1 ላይ ነው። ቆጮ በልቶ የጠገበ ሰው ኢንሱሊኑ ከፍ ሲል በጉበቱ ስብ ለመሥራት የሚያገለግለው ማሎኒል ኮኤ ይበዛና ይህን ኢንዛይም ያግደዋል። ሲጾም እገዳው ይነሳል። መካከለኛ ሰንሰለት ያላቸው ግን ያለ ካርኒቲንም ይገባሉ።

ጥ፦ ሐይቁ ዳር ስንሮጥ ስብ የሚቃጠለው ከ20 ደቂቃ በኋላ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መ፦ አይደለም። ቁጭ ብላችሁም ልባችሁ ስብ ያቃጥላል። ፍጥነት ስትጨምሩ የካርቦሃይድሬት ድርሻ ያድጋል፣ ሩጫው ሲረዝም የስቡ።

ጥ፦ ሕፃን ታሞ ምግብ እምቢ ብሎ ሲያድር ስኳሩ ወረደ፤ ጉበት ከስብ የሚሠራው ነዳጅ፣ ኬቶኑም ዝቅተኛ ነው። ምን እንጠርጥር?

መ፦ የኤምካድ (መካከለኛ ሰንሰለት ያለውን የስብ አሲድ ለመቁረጥ የሚያስፈልግ ኢንዛይም) እጥረትን አትርሱ። ሲራብ ኬቶን መጨመር ነበረበት። መካከለኛው ሰንሰለት ካልተቆረጠ ግን አሴቲል ኮኤ ያንሳል፤ ኬቶን አይሠራም፣ ግሉኮስ ለመሥራትም ጉልበት ይጠፋል። ግሉኮስ ቶሎ ይሰጠው፣ ረጅም ሰዓትም ሳይበላ አይቆይ። ለካርኒቲን መንገድ ችግር የሚታዘዘው የኤምሲቲ (መካከለኛ ሰንሰለት ያለው ቅባት) ዘይት ለዚህ ሕፃን አይሰጥም፤ መቁረጥ ያቃተው ራሱን ያን ቅባት ነው።