የባሕር ዛፍ ቅባት ለጉንፋን፦ ሽታው ለምን ይጠፋል? ለሕፃንስ ይሆናል?

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው። ገና የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ቅጠል በዘይት ቀቅለሽ የሠራሽው የደረት ቅባት በሁለት ሳምንቱ ሽታው ጠፍቶ ለምን ኮመጠጠ፣ እና ለአንድ ዓመት ልጅሽ መቀባት ይቻላል ወይ። ለልጅሽ አይቻልም። እባክሽ ይህን መጀመሪያ ያዢልኝ፤ ምክንያቱን ከታች እጽፋለሁ።

ቅባቱን ያበላሸው የቅጠሉ ርጥበት ነው። ዘይቱ ሲግል በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ ይተናል፤ ሲተን ደግሞ ለአፍንጫ የምንፈልገውን ሲኒዮል የሚባለውን ንጥረ ነገር ይዞት ይወጣል። ቤቱ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ሲሸት ደስ ይላል፤ ነገር ግን ያ ሽታ ከድስቱ እያመለጠ ያለው ዋናው ነገር ነው። ሳይተን የቀረው ውሃ ከጠርሙሱ ሥር ይተኛና ዘይቱን ያሻግተዋል። ዳማከሴ ጨምቀው ከዘይት ጋር ለሚቀላቅሉም ችግሩ ይኸው ነው።

ሌላው፣ ቅጠል የተነከረበት ዘይትና ኢሴንሻል ኦይል አንድ አይደሉም። ኢሴንሻል ኦይል በእንፋሎት ተጣርቶ የሚወጣ የቅጠሉ ንጹህ የሽታ ዘይት ነው፤ ከአንድ ኪሎ ርጥብ የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል ቢበዛ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው የሚገኘው። ቤት ውስጥ ለማጣራት መሞከር ድካሙ አያዋጣም። ትንሿን ጠርሙስ ገዝቶ ቅባቱን ራስ መሥራት ይሻላል። ስትገዢ ጠርሙሱ ጥቁር ወይም ቡናማ ብርጭቆ ይሁን። አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገሽ እስከ ማግስቱ ተዪው፤ የቅባት እድፍ ከቀረ የምግብ ዘይት ተቀላቅሎበታል።

መጠኑ ለአዋቂ ይህ ነው፦ 80 ግራም የወይራ ወይም የኮኮናት ዘይት፣ 20 ግራም የንብ ሰም፣ 2 ሚሊ ሊትር የባሕር ዛፍ ኢሴንሻል ኦይል፣ ማለትም 40 ጠብታ ያህል። ሚዛን ከሌለሽ ስድስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከቀለጠ በኋላ አንድ ተኩል ማንኪያ የሚሆን ሰም። ከጠጅ የተረፈ ሰፈፍ ካለሽ ይሆናል፤ ግን እንዳለ አትጨምሪው። በውሃ አፍልተሽ በነጠላ ጨርቅ አጥልይው፣ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል። ከሥሩ የሚለጠፈውን ቡናማ ዝቃጭ በቢላ ፋቂና ሰሙን አንድ ቀን በደንብ አድርቂው። ውሃ ካልወጣለት ያው ሻጋታው ይመለሳል።

ዘይቱንና ሰሙን በትንሽ ድስት አድርገሽ ውሃ በያዘ ትልቅ ድስት ላይ አቅልጪ፤ በቀጥታ እሳት ላይ አይሁን። ከዚያ ጥቂት ጠብታ በቀዘቀዘ ማንኪያ ላይ አፍስሺና ሲረጋ በጣትሽ ንኪው። ድርቅ ካለ ዘይት፣ ከላላ ሰም ትጨምሪያለሽ። ይህን አሁኑኑ ጨርሺ፣ ኢሴንሻል ኦይሉ ከገባ በኋላ መልሶ ማሞቅ ሽታውን ያባርራል። አውርጂውና ጠብቂ፤ ዳር ዳሩ መደፍረስ ሲጀምር ጠብታዎቹን ጨምረሽ ቶሎ አማስይ፣ በደረቀ የብርጭቆ ዕቃ ገልብጠሽ ክደኚው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ገና እንደፈላ ይጨምራል። ጠብታ ማብዛትም አይጠቅምም፣ ቆዳ ያቃጥላል። የጦስኝ ኢሴንሻል ኦይል ደግሞ ቆዳን በጣም ስለሚያስቆጣ ከዚህ ውስጥ አታስገቢው። ጦስኝ በሻይ ይጠጣ።

መጀመሪያ የክንድሽን ውስጥ ቀብተሽ አንድ ቀን እዪው። ካልቀላና ካላሳከከሽ የአተር ፍሬ የምታህል ደረትና ጀርባ ላይ ትበቃለች። አፍንጫ ውስጥ አይገባም፤ ቅባት ወደ ሳንባ ከተሳበ ሌላ በሽታ ያመጣል። አስም ያለበት ሰው ባይጠቀም ይሻላል፣ ሽታው ሊያስነሳበት ይችላል። ቅባቱ የጉንፋኑን ቫይረስ አይገድልም፤ የሚያደርገው አፍንጫው የተከፈተ ያህል እንዲሰማና ሌሊቱ እንዲቀል ነው።

ወደ ልጅሽ ልመለስ። ባሕር ዛፍ፣ እንዲሁም በሱቅ የጉንፋን ቅባቶች ውስጥ የሚገኙት ካምፎርና ሜንቶል የሕፃን አፍንጫ አጠገብ ሲደርሱ የአየር ቧንቧው በድንገት ሊኮማተርና ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ በፍጹም፣ እግሩ ላይም ቢሆን፤ እግሩን አፉ ውስጥ ያስገባልና። እኔ እስከ ስድስት ዓመትም ባይቀባ እላለሁ። በፈላ ውሃ ማጠንም ለልጅ ይቅር፣ ድስቱ ሲገለበጥ የሚያደርሰው ቃጠሎ ከጉንፋኑ ይብሳል።

ለእሱ የሚሆነው የጨው ውሃ ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው አሟሚ፤ ከማጥባትሽ ጥቂት ደቂቃ በፊት በየአፍንጫው አንድ ሁለት ጠብታ። ማታ የተረፈውን ድፊው፣ ለነገ አይቆይም። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ወይም ጡት እምቢ ካለ ግን ሳትጠብቂ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

ጠርሙሱን ከልጁ እጅ በጣም አርቀሽ አስቀምጪ። አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ንጹህ የባሕር ዛፍ ኢሴንሻል ኦይል ቢውጥ ራሱን ሊስትና ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ከዋጠም እንዲያስመልስ አታድርጊ፤ ጠርሙሱን ይዘሽ በቀጥታ ሆስፒታል ሂጂ።