ፍሎሪዳ ስቴትና ክሌምሰን መቼ ይወጣሉ? (መልስ)

ሰላም ወንድሜ። «ፍሎሪዳ ስቴትና ክሌምሰን በሚቀጥለው ዓመት ኤሲሲን ለቀው ኤስኢሲ ይገባሉ የሚባለው እውነት ነው?» ላልከው፣ እኔን ከጠየቅከኝ በሚቀጥለው ዓመት አይሆንም። (ለማያውቅ፦ ሁለቱ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ ኤሲሲና ኤስኢሲ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች የሚጫወቱባቸው ሊጎች ናቸው።)

ነገሩ ያለው ብሩ ላይ ነው። ሁለቱ ኤሲሲን ከስሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ታረቁ። በስምምነቱ የመውጫው ክፍያ ከ165 ሚሊዮን ዶላር ይነሳና በየዓመቱ 18 ሚሊዮን እየቀነሰ፣ በ2030 75 ሚሊዮን ላይ ይቆማል። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ፣ ከፍሎ የወጣ የጨዋታዎቹን የቴሌቪዥን ስርጭት መብትም ይዞ ይሄዳል። ድሮ መብቱ እስከ 2036 በሊጉ እጅ ታስሮ ነበር። ታዲያ ጥቂት ዓመት ታግሶ 90 ሚሊዮን ማዳን እየተቻለ ማን ይቸኩላል? የሌላው ትልቅ ሊግ የቢግ ቴን የቴሌቪዥን ውልም የሚያልቀው በዚያው በ2030 ነው። ገበያው ያኔ ይደራል።

ኤስኢሲ ይወስዳቸዋል የሚለውን ግን እጠራጠራለሁ። ከፍሎሪዳ ስቴት ግዛት ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ፣ ከክሌምሰን ግዛትም ሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ እዚያው አሉ። በያዘው ግዛት ላይ ምን ይጨመርለታል? እኔ ኤስኢሲን ብሆን ዓይኔ ኖርዝ ካሮላይና ላይ ነው። ቢግ ቴን ግን 18 ቡድን ይዞ ፍሎሪዳ ውስጥ አንድም የለውም። ለእኔ የሚያዋጣው ወሬ ፍሎሪዳ ስቴት ቢግ ቴን ይገባል የሚለው ነው።

ወሬ ነው ብለህ ደግሞ አትናቅ። በ2022 የካሊፎርኒያዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ፓክ 12 የሚባለውን ሊጋቸውን ሊለቁ ነው ሲባል ስንቱ ሳቀ! በሁለት ዓመት ውስጥ ከ12ቱ የቀሩት ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻ ነበሩ። ከፓክ 12 ወጥቶ ኤሲሲ የገባው ስታንፎርድም ዛሬ የሊግ ጨዋታ አለብኝ ብሎ ከካሊፎርኒያ ቦስተን ድረስ ይበራል። የመረብ ኳስ ልጆቹ ናቸው የሚያሳዝኑኝ።