ወንዝ ከተሻገርክ በኋላ «ቀጭ» ብሎ ለማይዞረው ዊንች (በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመኪና መጎተቻ)

የዊንቹን ሞተር አትፍታው። «ቀጭ» የሚለው ሶሌኖይዱ፣ ማለትም የባትሪውን ኃይል ወደ ሞተሩ የሚያስተላልፈው ማብሪያ ነው። የዊንቹን ክላች (ከበሮውን ከማርሹ የሚያላቅቀውን) ነጻ አድርገህ፣ የዊንቹን ቁልፍ እየተጫንክ የሞተሩ የኤሌክትሪክ ገመድ ማሰሪያ ላይ ቮልት ለካ። 12 ቮልት አካባቢ ደርሶ ካልዞረ ችግሩ ሞተሩ ውስጥ ነው፤ ካልደረሰ ባትሪው፣ ሶሌኖይዱ ወይም ገመዱ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የባትሪውን ገመድ ንቀል፣ ፎቶ አንሣ፣ ከነደረሰኙ ለሻጩ ውሰደው። «ውኃ ገብቶበታል» ብሎ ከመለሰህ የዊንቹን ሰሌዳ አሳየው፦ አይፒ67 (የውኃና የአቧራ መከላከያ ደረጃ) የተጻፈበት ዕቃ 1 ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ መቋቋም አለበት። የኤሌክትሪክ ክፍሎች ዋስትና ከማርሹ ሊያጥር ስለሚችል ቀኑን ዛሬውኑ ተመልከት።

እኔ ቸኩዬ የኋላ ክዳኑን ፈታሁት። ዝገት የተቀላቀለበት ቡናማ ውኃ እጄ ላይ ፈሰሰ፤ ማሸጊያው ተነክቷል ተብሎም ዋስትናዬ ተሰረዘ። እባክህ አንተ አትድገመው።