መልስ፦ ለዓይነ ስውር ተማሪ የፈተና ተጨማሪ ሰዓት

ዓይነ ስውር ወንድምህ ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት ስለተከለከለ ምን ያድርግ ብለህ ጠይቀሃል። መምህሩ የከለከሉት «ለሌሎቹ ፍትሐዊ አይደለም» ብለው ከሆነ ተሳስተዋል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ከሚሰጡት ድጋፎች አንዱ የፈተና ጊዜ ማራዘም መሆኑን ይገልጻል።

ወንድምህ በቃል መከራከሩን ይተው። የሕክምና ማስረጃ አያይዞ ለትምህርት ክፍል ኃላፊው ማመልከቻ ያስገባ፤ ግልባጩ ለሬጅስትራርና ለልዩ ፍላጎት ድጋፍ ክፍሉ ይድረስ። የራሱ ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን ሳያስመታ ከቢሮው እንዳይወጣ። ይህ ሁሉ ከፈተናው በፊት ማለቅ አለበት፤ ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ሰሚ ማግኘት ከባድ ነው።

ደግሞ ሰዓቱ ቢፈቀድለትም ጥያቄውን ጮክ ብሎ የሚያነብለት አንባቢ ካልረባ ዋጋ የለውም። ስታትስቲክስ ፈተና ላይ የሲግማን (Σ) የድምር ምልክት እንደ እንግሊዝኛው E ቆጥሮ «ኢ» እያለ ያነበበ በጎ ፈቃደኛ አውቃለሁ፤ ተማሪው ጥያቄው ሳይገባው ሰዓቱ አለቀ። ማመልከቻው ላይ «አንባቢው ከዚሁ ትምህርት ክፍል ይሁንልኝ» ብሎ ይጨምርበት።