ካቻቢቴውን አስቀምጥ፣ መጀመሪያ መስኮቱን አሳየኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ኮምቦልቻ ውስጥ መኪና ጠጋኝ ነኝ። ታናሽ እህቴ ኦስትሪያ፣ ኢንስብሩክ ትማራለች፤ ከአንድ ግዙፍ ተማሪ ያገለገለ ስኪ (የበረዶ መንሸራተቻ) ገዝታለች። ጫማውን የሚይዘው ማሰሪያ 8 ቁጥር ላይ ነው። ጓደኞቿ «ክብደትሽን ለ10 አካፍዪው» ስላሏት 5.4 ላይ ላድርገው ትላለች። 54 ኪሎ ናት፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ60፣ የራሷ ጫማ ሶል 295 ሚሊሜትር። ገና ጀማሪ ናት። በቪዲዮ እያየሁ ላስተካክላት እችላለሁ?

መልስ፦ አብሽር፣ ልኬቱን ሁሉ ስለጻፍክልኝ ግማሹን ሥራ ሠርተሃል። እዚያው ኢንስብሩክ በስኪ ኪራይ ቤት ጓዳ ሰባት ክረምት ማሰሪያ ሳጠብቅና ሳላላ ኖሬአለሁ። ክረምት ስል የእነሱን ነው፤ እኛ ጤፍ ስንወቃ የሚውለውን።

ወረኢሉ ልጅ ሳለሁ አባቴ በቅሎ ላይ ሲያወጣኝ «እርካቡን በጣትህ ብቻ ያዝ» ይለኝ ነበር። እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያስገባ ሰው ሲወድቅ በቅሎዋ ትጎትተዋለች። የስኪ ማሰሪያም እንዲሁ ሲነዱ መያዝ፣ ሲወድቁ መልቀቅ አለበት። የፊተኛው ጣቱን ወደ ጎን፣ የኋለኛው ተረከዙን ወደ ላይ ይለቃል። መቼ እንደሚለቅ የሚወስነው በውስጡ ያለው ሞላ ነው፤ ማሰሪያው ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት የሚታየውም ቁጥር የሞላው ጥብቀት እንጂ ኪሎ አይደለም።

ለ10 ማካፈሉን ተዉት፤ ሶሉን ረስቷል። የጎማ ብሎን አልፈታ ሲልህ መፍቻው ላይ ቧንቧ ትሰካ የለም? ረጅም ሶል ያ ቧንቧ ነው። ያው ሞላ በረጅም ጫማ ቅልጥምን አብዝቶ ይጠመዝዛል፤ ስለዚህ ሶል በረዘመ ቁጥር ማስተካከያው ዝቅ ይላል። ባለሙያ የሚያየው ሰንጠረዥ ክብደትን፣ ቁመትን፣ ሶልን፣ ዕድሜንና አነዳድን ይጠይቃል። እህትህ በክብደቷ ከ49 እስከ 57 ኪሎ ያለው ረድፍ ላይ ናት፤ በቁመቷ ግን ከ158 እስከ 166 ሴንቲሜትር ያለው፣ አንድ ረድፍ ከፍ ያለው፣ ይደርሳታል። ሁለቱ ሲለያዩ የሚወሰደው ዝቅተኛው ረድፍ ነው። ጀማሪ ስለሆነች የሚጨመርባት የለም፤ እንደ እኔ 50 ያለፈው ሰው ደግሞ አንድ ረድፍ ይቀነስለታል። የእሷ ቁጥር ከ4 በታች ነው። 5.4 ራሱ ይበዛባታል፤ 8ማ አይወራም።

ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ማሰሪያው ለዚያ ግዙፍ ሰው ጫማ የተገጠመ ስለሆነ የኋለኛው ክፍል ወደ ፊት ተገፍቶ በእሷ ሶል ልክ መግጠም አለበት። ይህ ካልተስተካከለ ቁጥሩ ትክክል ሆኖም ማሰሪያው ሲፈልግ ይለቃል፣ ሲፈልግ ይይዛል። ያረጀ ሞላም መስኮቱ ከሚያሳየው ውጭ ይሠራል። ስለዚህ ጫማዋንም ስኪዋንም ይዛ ወደ ስኪ መጠገኛ ትሂድ፤ እዚያ ስንት ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ) ላይ እንደሚለቅ በመሣሪያ ይለኩላታል። ይህን በቪዲዮ አታየውም።

እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ ማሰሪያዬ እየለቀቀ ቢያስቸግረኝ በገዛ ካቻቢቴዬ ሁለት ቁጥር አጠበቅሁት። ጥፋቱ የሞላው አልነበረም፤ ሶሌ ሥር የተጋገረ በረዶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስወድቅ አልለቀቀኝም፤ ቅልጥሜ ተሰነጠቀ። ዛሬም ደሴ ላይ ጦሳ ጉም ሲለብስ ይነግረኛል። ከመርገጧ በፊት ሶሏን ትጥረግ። ማሰሪያው ከቅልጥም ስብራት እንጂ ከጉልበት ጅማት መበጠስ ብዙም እንደማያድን ደግሞ ንገራት።

በ2006 (እ.ኤ.አ.) የቱሪን የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያዊው ሮቤል ተክለማርያም ሲሮጥ አይተህ ከሆነ፣ የእሱ አገር አቋራጭ ስኪ ነው፤ ተረከዙ ነጻ ነው፣ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

አንድ ነገር ቀረ፦ ለከባድ ሰው የተሠራ ማሰሪያ መስኮቱ ከ4 ሊጀምር ይችላል። እንዲያ ከሆነ ማንም ቢያላላው ለእሷ አይሆንም፤ ማሰሪያው ይለወጥ። የመስኮቱን ዝቅተኛ ቁጥር በፎቶ ትላክልህ።