ከመሳቢያዬ ያልወጣው ወረቀት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን መጥቶ ቡና እየጠጣን ሳለ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ እነዚህ የጡረተኛ ወታደር ማኅበራት ግን ምን ያደርጋሉ? ለበዓል ሜዳሊያ አንጠልጥሎ ከመሰለፍ ሌላ?» አለኝ። ለማሾፍ አይደለም፣ ከልቡ ነው። እኔ ግን ስኒውን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። ይህን የምታነቡት ብዙዎቻችሁ የእሱ እኩያ ናችሁና መልሱን እዚህ ልጻፈው።

ነገሩ በ1986 ዓ.ም. ነው። ሠላሳ ያልሞላኝ ነርስ ነበርኩ፣ ደብረ ሲና ነበር የምሠራው። የቀድሞው ጦር በ1983 ከተበተነ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ትዝ ይላችኋል አልልም፣ አልተወለዳችሁም። ያኔ «የደርግ ወታደር» መባል ስድብ ነበር። ሥራ የሚሰጣቸው የለም፣ ቤት የሚያከራያቸውም ያቅማማል።

አንድ ቀን አንድ ሃምሳ አለቃ ቢሮዬ መጡ። ዕድሜያቸውን ጦር ሜዳ በድሬሰርነት የጨረሱ ሰው ናቸው፣ ቁስለኛ ሲያክሙ። የካፖርታቸው ቁልፎች አንዱ ከአንዱ አይገጥምም፤ አንዱ የወታደር ነው፣ ሌላው ከሴት ቀሚስ የተነቀለ ይመስላል። ከኪሳቸው አንድ በእርሳስ የተጻፈ የደብተር ወረቀት አወጡ። የአሥራ አንድ ሰው ስም፣ ከጎኑ የሚያውቀው ሥራ። ሁለት ድሬሰር። አንድ የሬዲዮ ኦፕሬተር። አራት የከባድ መኪና ሾፌር። ከመሐንዲስ ክፍል የመጣ፣ ገመድና ድልድይ የሚያውቅ። ለአንድ ሻለቃ ጦር ሲቀቅል የኖረ ወጥ ቤት። የቀሩት ሁለቱ እግረኛ ነበሩ፣ ከስማቸው ጎን «ጉልበት» ተብሎ ተጽፏል።

«ጣርማ በር ላይ መኪና ሲገለበጥ እኛ እንጠራ። ደሞዝ አንልም፣ ቃሬዛም እኛው እንሠራለን፣ እናንተ ፋሻ ብቻ ስጡን» አሉኝ።

ጣርማ በርን የማያውቅ ካለ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ያለበት ነው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ። ጉሙ ሲወርድ የገዛ እጅህን አታይም።

እኔ ምን አልኩ? «ማመልከቻ ጽፈው ያምጡ፣ ለበላይ እናቀርባለን።» ለማንም አላቀረብኩም። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ሰነፍኩ ብል ቀላል ነበር፣ እውነቱ ግን ፈርቼ ነው፤ ከእነሱ ጋር ታየ እንዳልባል። ትንሽም ንቄያቸዋለሁ። እኔ ሰርተፍኬት ያለኝ ነርስ ነኝ እኮ!

በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ አውቶብስ ከዋሻው በታች ከመንገድ ወጣ። ወሬው እኛ ጋ የደረሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው፣ በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር። ስንደርስ የአካባቢው ሰው ቁስለኛውን አውጥቶ ጨርሷል። በቅን ልቡ ነው፣ እግዜር ይስጠው። ግን አወጣጡ እጅና እግር ይዞ ነው፣ እንደ ጆንያ። አንድ ልጅ ነበር፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ፒክአፕ ላይ ደግፈው አስቀምጠውታል። ፊቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ጎንበስ ስልለት ቀስ ብሎ «ጫማዬ እግሬ ላይ አለ?» አለኝ። አለ። ሁለቱም እግሩ ላይ ናቸው። አንዲት እናት ከጎኑ ሆነው «መኪናው ውስጥ ሳለ እግሩን ሲያንፈራግጥ አይቼዋለሁ፣ ሲያነሡት ነው የጮኸው» አሉ።

አከርካሪው የተጎዳ ሰው እንዴት እንደሚነሣ ሃምሳ አለቃው ያውቁ ነበር። አንዱ ራሱንና አንገቱን ይይዛል፣ ሌሎቹ በጎን ይደረደራሉ፣ በአንድ ሰው ትእዛዝ እንደ ግንድ ሳይጣመም ይነሣና ሳንቃ ላይ ይጋደማል። ለዚህ አራት አምስት የለመደ ሰው ይበቃል። አሥራ አንድ ነበሩን። ቤታቸው ቁጭ ብለው ነበር።

በማግስቱ ገበያ መሀል አገኘኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «ዶክተር፣ ቃሬዛው እኮ ተሠርቶ አልቋል» ብቻ አሉኝ። ዶክተር አይደለሁም፣ ያኔ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነበር። ግቢያቸው ሄጄ አየሁት። ሁለት ቃሬዛ፣ ከባሕር ዛፍ አጣናና ከስኳር ጆንያ፣ ስፌቱ ድርብ። ከዚያ በኋላ ፋሻ ከኪሴ እየገዛሁ ሰጠኋቸው፤ እስኪበታተኑ ድረስ ከዚያ ዳገት ብዙ ሰው አወረዱ። ልጁ አዲስ አበባ ተላከ። ምን እንደደረሰ አልጠየቅኩም፣ መልሱን ስለፈራሁ።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ የአገር ደኅንነት ሲባል የሚታየው ጠመንጃ ነው። በጣሊያን ጊዜ ራስ አበበ አረጋይ ሸዋ ውስጥ ሲዋጉ ስንቅ የሚያቀብል፣ ቁስለኛ የሚደብቅ፣ ከተማ ተቀምጦ ወሬ የሚልክ የውስጥ አርበኛ ባይኖር አምስት ዓመት ማን ይዘልቀዋል? በ1931 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ ዘረት ዋሻ ላይ ጣሊያን የመርዝ ጋዝ ሲጠቀም ውስጥ የነበሩት ብዙዎቹ ቁስለኞች፣ ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ነበሩ። ጠላት ስንቁና ቁስለኛው ያለበትን መምታት ያውቅበታል፣ እኛ ነን የምንንቀው።

በሰላሙ ጊዜም ያው ነው። ማጀቴ በ1953 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች፣ አባቴ ሲያወራ ነው ያደግኩት። በ2017 ታኅሣሥ ከፈንታሌ በኩል የመጣው እኛንም ሲነቀንቀን የሰፈሬ ወጣት ስልኩን ይዞ ወጣ። ሊቀርጽ! ዓይናቸው የማያየውን ጎረቤታችንን ያወጧቸው ሰባ ዓመት ያለፋቸው የቀድሞ ወታደር ናቸው። የዛሬ ልጅ ስልክ ብቻ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ግን አያስኬደኝም። ባለፈው ለአንዲት ወላድ ደም ሲፈለግ በቴሌግራም ተጠራርተው በግማሽ ሰዓት ስድስት ልጆች ደረሱ። እኛ ጥሩምባ ነበር የምናስነፋው።

የመጀመሪያ እርዳታ ተማሩ እያልኩ አላደርቃችሁም፣ ቀይ መስቀል ከ1927 ጀምሮ አለላችሁ። የምለው፣ ሰፈራችሁ ያሉትን ጡረተኛ ወታደር «ምን ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጻፉት። ዕድራችሁ ድንኳን አለው፣ አግዳሚ አለው፣ ሰው ጠሪ አለው፣ ሁሉም ለሞተ ሰው ነው፤ አንድ ቃሬዛ ጨምሩበት። ጠመንጃ ግን አታስገቡበት። የገባ ቀን ማኅበሩ የእናንተ አይሆንም።

ወረቀቱን ለእህቴ ልጅ አሳየሁት። እርሳሱ ደብዝዟል። ሃምሳ አለቃው ካረፉ ቆዩ፣ ከአሥራ አንዱ ያሉት ሦስት ናቸው። ልጁ ስሞቹን አንድ በአንድ ስልኩ ላይ ጻፈና «የሬዲዮ ኦፕሬተሩስ?» አለኝ። አሉ፣ ሸዋ ሮቢት ናቸው፣ ጆሯቸው ትንሽ ደክሟል። እሑድ አብረን እንወርዳለን።