ለጓሳ ምን እንሸክፍ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው አዳማ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ መንዝ ጓሳ አጠገብ ለቤተሰብ በተዘጋጀ የድንኳን ፌስቲቫል ሁለት ሌሊት እናድራለን። ልጆቼ 9፣ 5 እና 2 ዓመታቸው ነው። ድንኳኑን አዘጋጆቹ ይተክላሉ፤ ሌላው በእኛ ነው። ብርድ የሚባል ነገር አናውቅም። ምን ልያዝ? እባክዎ ይምከሩኝ።
የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ መሐል ሜዳ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ የታኅሣሥን ውርጭ አውቀዋለሁ። እንደዚያም ሆኖ ልጆቼን መጀመሪያ ድንኳን ውስጥ ያሳደርኩ ጊዜ ተሳሳትኩ። ሻንጣውን በሹራብና በጃኬት ሞልቼ፣ ለምንጣፍ አንድ ስስ ነገር ብቻ ይዤ ሄድኩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ትንሿ ልጄ «እማዬ፣ ጀርባዬን» ብላ ቀሰቀሰችኝ። ሁለት ብርድ ልብስ ለብሳለች፣ ፊቷም ሞቅ ብሏል። እጄን ከጀርባዋ ሥር ሳስገባ ግን ምንጣፉ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። እስኪነጋ ደረቴ ላይ አስተኛኋት። ጠዋት ስንወጣ ውጭ ያደረው የጆግ ውሃ ስስ በረዶ ጋግሮበት ነበር።

ስለዚህ መኪናው ላይ መጀመሪያ የሚጫነው የሚነጠፈው ይሁን። ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ ካላችሁ እሱን ያዙ። ከላዩ አጎዛ አንጥፉበት፤ ጠጉሩ መሐል የሚቀረው አየር ብርዱን ከመሬት እንዳይወጣ ይይዘዋል። ለመልበስ ደግሞ የመንዝ ባና ብታገኙ ምን ይወጣለታል! ልጆቹን መሐል አድርጋችሁ ተጠጋግታችሁ ተኙ።

ልብስ ብዙ አያስፈልግም። ለእያንዳንዳቸው ለመኝታ ብቻ የሚሆን ደረቅ ካልሲ፣ ሱሪና ቆብ ለይተሽ በላስቲክ ቋጥሪ። ቀን ሲሮጡበት የዋሉት ልብስ ላብ ይይዛል፤ ማታ እሱን ይዘው ከተኙ ይበርዳቸዋል። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላልና ሰፊ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባትም ያዢ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንሽ። ከሰል ድንኳን ውስጥ እንዳታስገቢ። ፍሙ ጭስ ባይኖረውም፣ በሩ ገርበብ ቢልም፣ «ለአንድ አፍታ ላሙቀው» ቢባልም አይሆንም። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። እሳቱን ውጭ ሙቁት። ለመኝታው ክዳኑ የማያፈስ ጠንካራ ኮዳ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ፣ በካልሲ ጠቅልለሽ፣ ልጆቹ ከመተኛታቸው በፊት ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገቢው። ትንሹ ሲተኛ አውጪው፣ እንዳያቃጥለው።

ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ የአዳማን ከፍታ እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ከተቻለ ደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት አድራችሁ ቀጥሉ፣ ሰውነታቸው ይለምደዋል። ልጅ ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰውና ምግብ እንቢ ካለ ወደ ታች ይዛችሁት ውረዱ፤ ሲነጋ እናያለን አትበሉ።

ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለሆነ ከጾማችሁ ጭኮውን በዘይት አሽተሽ ያዢ። በሶም ጥሩ ነው። ቆሎውን ለትልልቆቹ እንጂ ለ2 ዓመቱ አትስጪው፣ ያንቀዋል። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ በ89 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ምስርና ድንች አልበስል ይላል፤ እኔ ሽሮ ነው የምይዘው። ምግቡን ክዳን ባለው ነገር አስቀምጪ። ልጆቹ ጭላዳዎቹን ሲያዩ ዳቦ መወርወር ያምራቸዋል፤ ከቤት ሳትወጡ ንገሪያቸው። ጭላዳ ሣር ነው የሚበላው፣ የሰው ምግብ ከለመደ ይበላሻል።

የትንሹን ፖፖ ደግሞ አደራ። በዚያ ውርጭ ሕፃን ታቅፎ በባትሪ መጸዳጃ ቤት ፍለጋ መውጣት አይሆንልሽም።